ዝናቡን የቀረጸው ሰው

አባቴ ማጎሮኩ እንጨት ቀራጭ ነበር። ሠዓሊ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው ሁለቱን ስለሚያምታታ ነው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ ይስላል። ወረቀቱ በግንባሩ ተደፍቶ በቼሪ እንጨት ገበታ ላይ ይለጠፋል። ቀራጩ ወረቀቱንና እንጨቱን አብሮ እየቆረጠ፣ መስመሩን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ይፍቃል። ሥራው ሲያልቅ የሠዓሊው ወረቀት ተበጣጥሶ ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርጎ ይጣላል። ስለዚህ ሰው ገዝቶ በእጁ ይዞ "የእገሌ ሥዕል" የሚለውን ወረቀት እገሌ ራሱ ነክቶት አያውቅም። ስሙ ግን የእገሌ ነው።

አባቴ ለመምህሩ የተሰጠው በአሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ያኔ ከተማችን ቶኪዮ ገና ኤዶ ትባል ነበር። መጀመሪያ ውሃ ቀዳ፣ የመምህሩን ልጅ አዘለ፣ ቢላ ሳለ። ከዚያ ፊደል እንዲቀርጽ ተሰጠው። ከፊደል ወደ ልብስ፣ ከልብስ ወደ እጅና እግር ተሻገረ። ራስ የሚቀርጸው መምህሩ ብቻ ነው። በግንባር ዳር ያለውን ፀጉር ሠዓሊው አይስለውም፤ አጥቁሮ ይተወዋል። በአንዲት የሩዝ ፍሬ ስፋት ላይ ስድስት ሰባት ፀጉር እየነጠለ የሚያቆመው ቀራጩ ነው። አባቴ ፀጉር እንዲነካ የተፈቀደለት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላው ነበር። እናቴን ያገባትም በዚያው ወር ነው። እሷ፣ "ከዚያ በፊትማ ዓይኑን ከእንጨት ላይ አንሥቶ ሴት አይቶ አያውቅም" እያለች ትስቅበት ነበር።

እኔ ኦሺኖ እባላለሁ፤ ያለኔ ልጅ የለውም። ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ነው የማሻገሪያ ጀልባዋን ሥዕል የሠራው። አሁን የምጽፈውን የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እሷ ደግሞ ነገሩን እንዳለ ነበር የምታወራው።

አሳታሚው ኪሄይ የሚባል፣ ሆዱም ሳቁም ሰፊ የሆነ ሰው ነበር። ሠዓሊው ሹንጌን ይባላል። እጁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ከቀመሰ ሥራውን አይጨርስም። አንድ ቀን ሁለቱ ወረቀቱን ይዘው እቤት መጡ። ወንዝ አለ፤ በጀልባ ላይ የቆመች ሴት ጃንጥላዋን ከነፋስ ጋር ትታገላለች፤ ቀዛፊው የሣር ባርኔጣውን ደፍቷል። ሰማዩ ባዶ ነው። ባዶው ላይ ሹንጌን በብሩሹ ጫፍ "ዝናብ፤ ከባድ፤ ከግራ" ብሎ ጽፎበታል።

"ዝናቡስ?" አለ አባቴ።

"ጽፌዋለሁ እኮ። ማንበብ ጠፋህ?"

"ማንበብስ አልጠፋኝም። የተጻፈ ዝናብ ሰው አያረጥብም ብዬ ነው።"

"እንግዲያው አንተ አርጥበዋ! መስመር ነው፤ መስመር ደግሞ ልጄም ታሰምራለች።"

"እሷን ይላኳትና ትቅረጸው።"

ኪሄይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ተዉ እንጂ! ለአንድ ዓሣ ሁለት ድመት። ማጎሮኩ፣ ወንድሜ፣ ለመኸር ገበያ አድርስልኝና የፈለግከውን ጠይቀኝ።"

አባቴ ዝናቡን ለብቻው በሌላ ገበታ ላይ ቀረጸው። አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ወቅቱ የዝናብ ወር ነበርና ቢላውን አስቀምጦ ከጣራው ጠርዝ ሥር ይቆምና ያያል። ጎረቤቶች፣ "ማጎሮኩ፣ ምን ጠፋብህ? ወይስ ሚስትህ አባረረችህ?" እያሉ ያልፋሉ። እሱ ያየው ዝናብ እንደ ክር ቀጥ ብሎ እንደማይወርድ ነው። አንዱ መስመር ከላይ ወፍሮ ከታች ይሳሳል፤ ሌላው ከነፋሱ ጋር ጥቂት ያጋድላል፤ አንዳንዴ ሁለቱ ይቋረጣሉ። እያንዳንዱን መስመር ግራና ቀኙን ቆርጦ እንደ ፀጉር አቆመው። በአሥራ አንደኛው ቀን ጎረቤታችን ለትንኝ ብሎ የጥድ ቅጠል ሲያጨስ ጢሱ ገባና አባቴን አስነጠሰው። ቢላው ሸተት አለ፤ ከቀዛፊው ባርኔጣ በላይ አንድ የዝናብ መስመር መሐሉ ላይ ተቆረጠ። ቦረቦር አድርጎ በሽብልቅ ሊሞላው ሲል ኪሄይ መጥቶ ከልክሎ ወሰደው። "ማን ያየዋል? ገበያው ሊያልፈኝ ነው" አለ።

የመጀመሪያው ወረቀት ታትሞ ሲወጣ ኪሄይ ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አየው። ከዚያ፣ "ምን ላድርግልህ?" አለው አባቴን።

"ስሜን" አለ አባቴ።

ሹንጌን ቁጭ ባለበት በሳቅ ተንፈቀፈቀ። "ስም! ነገ ደግሞ ሙጫ የቀባው ይመጣና ስሜን ይላል። ከነገ ወዲያ ወረቀቱን የተሸከመው በቅሎ።"

"በቅሎው የሠራውን ሠርቷል" አለ አባቴ። "አንዳንዱ ግን 'ከግራ' ብሎ ጽፎ ይተኛል።"

ኪሄይ መሐል ገባ። ስሙ በሥዕሉ ክፈፍ ውስጥ አይገባም፤ ከክፈፉ ውጭ፣ በነጩ ዳር፣ በታች በግራ በኩል ይሁን አለ። ሹንጌን ይህን ሲሰማ፣ "ይሁን፤ ውሻም የሚተኛው ከአጥር ውጭ ነው" አለ።

"ሌባ ሲመጣ ቀድሞ የሚያየውም እሱ ነው" አለ አባቴ።

"ቀራጭ ማጎሮኩ" የሚለው በኛ አጻጻፍ በሦስት ፊደል ያልቃል። አባቴ እያንዳንዱን ከምስር ፍሬ ሳያስበልጥ ቀረጸው። ቦታው ሰፊ ነበር፤ አተልቆ መቅረጽ ይችል ነበር። ነገር ግን በዘመኑ ከተማው ውስጥ ስሙን የጻፈ ቀራጭ በጣት የሚቆጠር ነው፤ አፈረ። እናቴ ስትናገር፣ "ሦስቷን ፊደል ሲቀርጽ ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ለኔ እንኳ እንደዚያ ይዞልኝ አያውቅም" ትል ነበር።

ወረቀቱ ታተመ፣ ተሸጠ። የአንድ ሳህን ሶባ ዋጋ ነበርና ሰው ገዝቶ አየው፤ ሲሰለቸው የተቀደደ በር ለጠፈበት፣ ሳጥን ውስጥ አነጠፈው፣ የሻይ ስኒ ጠቀለለበት። በኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው። ለዘለዓለም ብሎ የገዛው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። ጋዜጣ መጣ፣ ፎቶግራፍ መጣ፣ በድንጋይ ማተም መጣ። ሹንጌን ሞተ። ኪሄይም ተከተለው። የኪሄይ ልጅ ሱቁን መድኃኒት መሸጫ አደረገውና የአባቱን ገበታዎች በሙሉ አሰባሰበ። የቼሪ እንጨት ውድ ነው፤ አንዱ ሥዕል ሲያልቅበት ተላግቶ ሌላ ይቀረጽበታል፤ የሙያው ልማድ ነው። የጀልባዋንም ሁለት ገበታዎች ለሆድ ቁርጠት መድኃኒት መለያ እንዲሆኑ አዘዘ። ላጊው አባቴ ነበር። በገዛ እጁ ሴትየዋን፣ ቀዛፊውን፣ ዝናቡን፣ ሦስቱን ፊደል ላገ። እናቴ ቆማ ስታየው፣ "ምነው አንዷን እንኳ ብትደብቃት?" አለችው።

"እንጨቱ የነሱ ነው" አላት። "ደግሞም ወረቀቱ በሰው እጅ አለ። ወረቀት ይበቃል።"

ትምህርት ቤት የገባሁት በአዲሱ መንግሥት አዋጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ተምሬ ወጣሁ። ፊደል መለየት ችዬ ነበር። የወጣሁት እናቴ በኮሌራው ዓመት ስለሞተች አይደለም፤ እሱ በኋላ ነው። የወጣሁት የአባቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ የመለያውን ፍቅፋቂ የሚጠርግለት፣ ሙጫ የሚያፈላለት ስላስፈለገው ነው። ቅር አላለኝም። ቅር ቢለኝም የሚጠይቀኝ አልነበረም።

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ሲል በወደቡ ከተማ በዮኮሃማ በሚገኝ አንድ የድሮ ሥዕል ሱቅ ተቀጠርኩ። ፈረንጆች እነዚያን በር ላይ የምንለጥፋቸውን ወረቀቶች ይፈልጓቸዋል ተባለ። በመጀመሪያ የሳቅነው ሳቅ! ሱቁ ከየገጠሩ፣ ከየሳጥኑ ሥር፣ ከየአሮጌው በር እያስላጠ በጥቅል በጥቅል ያስመጣል። እኛ ሃያ ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠን እናጸዳቸዋለን፣ እንቆርጣቸዋለን፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ለጥፈን እንደ መጽሐፍ በሚታጠፍ አልበም እናስገባቸዋለን። የሱቁ ደንብ አንድ ነው፤ ነጩ ዳር በሙሉ ይወገዳል። ዳሩን ብል ይበላዋል፣ እጅ ያጠቁረዋል። ደግሞ ፈረንጅ ገጹ ሁሉ እኩል እንዲሆንለት ይፈልጋል ተብሏል። የቀርከሃ ማስመሪያችንን በጥቁሩ ክፈፍ ላይ አሳርፈን ቢላውን እንስባለን። ትርፍራፊው ቅርጫት ውስጥ ይገባና ሙጫው የሚፈላበትን እሳት ያያይዛል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ከሰሜን ከመጣ ሳጥን ውስጥ የጀልባዋ ሥዕል ወጣ። ዘጠኝ ቅጂ፤ እንደታተመ የታሰረ፣ ሰው ያልነካው። መጀመሪያ ሦስቱ በእጄ ደረሱ፣ ከዚያ የቀሩት ስድስቱም። ሥዕሉን ከልጅነቴ በቀር አይቼው አላውቅም፤ ግን ዝናቡን አወቅሁት። ወደ ታች፣ ወደ ግራ አየሁ። ስሙ አለ።

የረድፋችን አለቃ ኦሪኩ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ አፏ ስለት፣ ልቧ ግን ክፉ ያልሆነ ሴት ናት።

"እትዬ ኦሪኩ" አልኳት፣ "እነዚህ ዳራቸው ንጹሕ ነው። ብል አልነካቸውም። ሳይቆረጡ ቢቀሩስ?"

"ለምን ተብሎ?"

"እንዲሁ።"

"እንዲሁ ብዬ ባለ ሱቁ ፊት ልቁም? ዘጠኝ አልበም ውስጥ ዘጠኝ ገጽ ረዝሞ ሲወጣ ምን ሊመስል ነው? ከበር ሥር የወጣ ምላስ! ቁረጪ ባክሽ፤ ወሬሽን ሙጫው እየሰማ ደረቀ።"

ሴቶቹ ሳቁ። የአባቴ ስም ነው አላልኩም። በዚያው ሳምንት በክፍያ የተከራከረች አንዲት ልጅ ተባራ ነበር። እሱም ብቻ አይደለም። ለፈረንጅ የሚሄድ ወረቀት ላይ ይህን ማን ያነበዋል ብዬ አሰብኩ። ማስመሪያውን አሳረፍኩ፤ ዘጠኙንም ቆረጥኩ። ከትርፍራፊው አንዷን እጅጌዬ ውስጥ መክተት እችል ነበር። ሁለት ጣት የማትሞላ ወረቀት ናት። አልከተትኩም። ለምን እንዳልከተትኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። እጄ ሥራ ላይ ነበር፤ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ሌላው ነገር ይደነዝዛል።

ሁለት ዓመት ያህል አልፎ ሙሴ ቴርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ መጣ። ሥዕል ይገዛል፤ በፓሪስ ስለ ሥዕልም ይጽፋል። አስተርጓሚው ኩዋባራ ፀጉሩን እንደ ፈረንጅ ከመሐል የከፈለ፣ ከኛ ጋር ሲነጋገር ጣራ ጣራ የሚያይ ወጣት ነበር። ፈረንሳዊው ከቦርሳው አንድ ፎቶግራፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። በዘይት ቀለም የተሠራ ትልቅ ሥዕል ፎቶግራፍ ነው ተባለ። ወንዝ፣ ጀልባ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት፣ የፈረንጅ ቀሚስ የለበሰች። በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ከግራ የሚወርዱ መስመሮች።

ኩዋባራ ለባለ ሱቁ ሲተረጉም እኛ እየለጠፍን እንሰማለን። "በፓሪስ ሠዓሊዎች እነዚህን ወረቀቶች እየተሻሙ ግድግዳቸው ላይ ይሰቅላሉ ይላሉ። ይህ ሠዓሊ ሃያ ዓመት ሙሉ ዝናብን እንደ ጭጋግ ነበር የሚስለው። እዚያ ዝናብን በመስመር የሚስል ሰው የለም። ከዚህ ሱቅ በሄደ አልበም ውስጥ የጀልባዋን ሥዕል ካየ በኋላ የሠራውን ሁሉ ትቶ እንደገና ጀመረ። አሁን ወጣቶቹ ሁሉ ይከተሉታል። ይህን ዝናብ ያሰበው ሰው ማነው? ሕይወቱን መጻፍ እፈልጋለሁ ይላሉ።"

"ሹንጌን ነዋ" አለ ባለ ሱቁ። "ስሙ ተጽፏል።"

"ዝናቡ የአባቴ ነው" አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ኦሪኩ በክርንዋ ጎሸመችኝ። ኩዋባራ ከጣራው ላይ ዓይኑን አወረደ። "አንቺ ደግሞ ማነሽ?" አለኝ። ነገርኩት። ሊተወው ነበር፤ ፈረንሳዊው ግን ምን አለች ብሎ ነዘነዘው። ሲሰማ ተነሣና እኔ ፊት መጥቶ ቆመ። አባትሽ በሕይወት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ነገ ይምጣ አለ።

አባቴ በማግሥቱ በማለዳው ባቡር ከቶኪዮ መጣ። ለሰርግና ለለቅሶ የሚለብሰውን መደረቢያ ለብሷል። ጢሙን ሲላጭ ጉንጩን ሁለት ቦታ ቆርጦታል። መነጽሩን በክር ጆሮው ላይ አስሮ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደና ለረጅም ጊዜ አየው።

"ይህን ሰውዬ ዝናብ መትቶት ያውቃል?" አለ።

"አባባ፣ ይህንንማ አልተረጉምም" አለ ኩዋባራ።

"ተርጉም።"

ተረጎመ። ፈረንሳዊው ሳቀና በጣም የታወቀ ሠዓሊ ነው አለ።

"ይታወቅ፤ ማን ከለከለው። እኔ የጠየቅኩት ስለ መርጠብ ነው። ነፋሱ ከግራ ነው፤ ሴትየዋ ጃንጥላዋን ወደ ቀኝ አዙራለች።"

"ፊቷ እንዲታይ ነው ይላሉ።"

"መልካም፤ ፊቷ ይታይ። እስከ አጥንቷ ግን ትበሰብሳለች።"

ከዚያ ጣቱ ከቀዛፊው ራስ በላይ ቆመ። ወደ ዓይኑ አስጠጋው። "ኦሺኖ፣ ነይ እስኪ። እኔ ነኝ የማላየው ወይስ መስመሩ እዚህ ጋ ተቆርጧል?"

"ተቆርጧል፣ አባዬ።"

አባቴ መሣቅ ጀመረ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። "ማስነጠሴን ቀድቶታል!" አለ። "ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ማስነጠሴን!" የጥዱን ጢስ፣ የጎረቤታችንን ትንኝ፣ የኪሄይን ችኮላ ነገራቸው።

ኩዋባራ ሲተረጉም የፈረንሳዊው ፊት ተለወጠ። ደብተሩን አወጣ። ሠዓሊዎቹ ስለዚያች ቁርጥ መስመር አንድ ሙሉ ከሰዓት ተከራክረዋል አለ። ሠዓሊው፣ መስመሩን እዚያ ላይ የቆረጠ ሰው የነፋስን ትንፋሽ ያውቃል፣ ብሎ ነበር። ፈረንሳዊው ቀጠለ፦ ይህን ያደረገው ቀራጩ ከሆነ፣ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ በስሙ እጽፈዋለሁ፤ ሠዓሊዎቹ ሁሉ ያነቡታል። ነገር ግን በአገሬ ነጋዴው ሁሉ ተረት ይዞ ስለሚመጣ በቃል ብቻ አልጽፍም። ሹንጌን የሚለው በወረቀቱ ላይ አለ። ማጎሮኩ የሚለውስ የት አለ? ብሎ ጠየቀ።

አባቴ ቀና አለ። ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሲጠብቀው እንደኖረ ያኔ ገባኝ።

"በታች በግራ፣ ከክፈፉ ውጭ" አለ። "አምጡትና ያንብቡት።"

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ባለ ሱቁ አልበም አስመጣና ገለጠው። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ ጎንበስ አለ። ሥዕሉ በጥቁሩ ክፈፍ ላይ ልክ ተቆርጦ በወፍራሙ ወረቀት ላይ ተለጥፏል። አባቴ አውራ ጣቱን በዳሩ ላይ ወደ ቀኝ ወሰደ፣ ወደ ግራ መለሰ።

"የት ሄደ?"

"ዳሩ ይቆረጣል፣ አባባ፤ የሱቁ ደንብ ነው" አለ ባለ ሱቁ።

"ሌሎቹስ?"

"ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኙም እንደዚሁ ናቸው።"

አባቴ አሁንም አውራ ጣቱን አላነሣም። "ጎበዝ እጅ ነው የቆረጠው" አለ ቀስ ብሎ። "ክፈፉን በፀጉር እንኳ አልነካውም። ማነው?"

ኦሪኩ ደስ ልታሰኘው ፈልጋ ነው። "እንዴ፣ ልጅዎ ናታ! ከሃያችን እንደሷ እጅ ያላት የለችም። ደም አይደል? ከማን ወረሰችው!" አለች።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ለፈረንሳዊው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። መርከቡ የሚነሣው በስምንተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ ያልተቆረጠ አንድ ወረቀት ከተገኘ እጽፋለሁ አለ ሰውየው። መልካም ሰው ነበር፤ አልዋሸም።

በባቡር ሦስተኛ ማዕረግ ጎን ለጎን ተቀምጠን ተመለስን። ባሕሩ በአንድ በኩል፣ ሰዉ በሌላ በኩል። ግማሽ መንገድ ባሕሩን እያየ ሄደ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር፣ "ስትቆርጪው አይተሽው ነበር?" አለኝ።

"ምኑን አባዬ?"

"ስሜን።"

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አይቼው ነበር ብል ይቆጣኛል፣ ምናልባትም ይመታኛል ብዬ አይደለም፤ በሕይወቱ መትቶኝ አያውቅም። ዓይኑን ማየት ፈራሁ። ሌላ ነገር አልነበረም።

"አላየሁም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። የተገላገልኩ መሰለኝ። ሁለት ጣቢያ ካለፍን በኋላ እንደገና ተናገረ፤ ድምፁ ለሌላ ሰው ሥራ ዋጋ እንደሚተምን ሰው ነበር።

"ፊደል የተማርሽ ልጅ ነሽ። ዓይንሽ ደኅና ነው። ዘጠኝ ጊዜ በእጅሽ አልፎ ዘጠኝ ጊዜ ካላየሽው፣ ፊደሉ አልወጣም ማለት ነው።"

"ትንሽ ስለሆነ ነው፣ አባዬ። ቸኩዬም ነበር።"

"ትንሽ ሆኖ የሚነበብ ነው ፊደል የሚባለው። መምህሬ ከፊደል ቶሎ አወጣኝ። እኔም ቶሎ ፀጉር አማረኝ።"

ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ! አፌን ከፍቼ ነበር። አጠገባችን የነበረችው ሴት ሕፃንዋ ማልቀስ ጀመረ፤ አባቴም ለልጁ በጣቱ ጥላ ሊያጫውተው ጎንበስ አለ። አለፈኝ።

ስምንቱን ቀን አብሬው አሮጌ ዕቃ ሱቆች ዞርኩ። እሱ ግን አገኛለሁ እንደሚል ሰው አልፈለገም። ሱቅ ገብቶ ይጠይቃል፤ የለም ሲሉት፣ "ልክ ነው" ይላል። በአንድ የጃንጥላ ሠሪ ቤት የበር ግርጌ ላይ የጀልባዋን ሥዕል ተለጥፋ አገኘናት፤ ዳርዋ ከሙጫው በታች ታጥፎ በሰብሷል። ሠሪው በሩን ነቅሎ ሊሰጠው ወደደ። አባቴ፣ "በርህን ምን አደርገዋለሁ፤ ስሙም ቢገኝ ማን ሊያነበው" ብሎት ወጣ። መርከቡ ሄደ።

በዓመቱ መጽሔቱ መጣ። ኩዋባራ ለኔ ሲል፣ ወይም ጉራውን ለመንዛት፣ ሱቁ ውስጥ አነበበልን። ሹንጌን፣ የዝናቡ ሊቅ፣ ይላል። በአንዲት ቁርጥ መስመር የነፋስን ትንፋሽ የያዘ፣ ይላል። ስለ ቀራጭ አንድ ቃል የለም። ለአባቴ ሄጄ ነገርኩት።

"ሹንጌን ጤነኛ ሰው ነበር" አለ። "አንድ ቀን ሲያስነጥስ አልሰማሁትም።" ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አላነሣም።

ግን ቢላውን አስቀመጠ። ዓይኑ የቀረውን መለያ ለመቅረጽ ይበቃው ነበር፤ የኪሄይም ልጅ ሥራ ይልክለት ነበር። መለሰው። "የኔ ፊደል አይነበብም፤ መድኃኒት ነው፣ ሰው ተሳስቶ ይጠጣል" አለ። የኪሄይ ልጅ ሽማግሌው ጃጀ ብሎ ሳቀ። እኔ ነበርኩ የማውቀው።

እነግረዋለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት ሄደ። ብነግረው ስሙ አይመለስም። ግን አይቼው እንደነበር፣ ሦስቱም ፊደል እንደ ቆመ ሰው ቀጥ ብለው፣ አንዱ ጭረት ከሌላው ሳይጣበቅ፣ ገና ወረቀቱ ከእስሩ ሲወጣ ዓይኔ ላይ እንደገቡ ያውቅ ነበር። በመጨረሻው ክረምት ሲታመም ከሱቁ ወጥቼ ላስታምመው ገባሁ። አዲስ ልማድ አምጥቶ አገኘሁት። ድሮ የቀረጻቸውን የመድኃኒት መለያዎች ከሳጥን አውጥቶ አጠገቡ ከምሯቸዋል። ሊጠይቀው ለመጣ ሰው ሁሉ አንዱን ያነሣና፣ "ይነበባል?" ይላል። ቶፉ ሻጩ፣ "ይነበባል እንጂ" ይለዋል። ጎረቤታችን፣ "ምነው አያ ማጎሮኩ፣ የእርስዎ ፊደል!" ትለዋለች። እሱ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ሰው ለበሽተኛ እንደሚያዝን ያውቃል።

አንድ ቀን ጠዋት ሩዙን በውሃ አቅጥኜ ሳበላው አንዱን መለያ ወደኔ ዘረጋ። የሆድ ቁርጠቱ መድኃኒት ነው፤ ፊደሎቹ ከምስር ያንሳሉ።

"ይነበባል?"

"ይነበባል፣ አባዬ። ያኛውም ይነበብ ነበር። አይቼው ነበር፤ ዋሽቼህ ነው። እያየሁ ነው የቆረጥኩት።"

ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ እጁን አንሥቶ ጉንጬን ነካ አደረገኝ።

"አንቺ ልጄ ነሽ" አለኝ። "ይህን የምትይኝ እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው።" መለያውን ከእጄ ወስዶ ከሌሎቹ ላይ በግንባሩ ደፋው።